ቁስልና መዓዛማ ዘይት፦ መቼ፣ የት፣ ስንት ጠብታ

ከውጭ የመጣ ዘመድ ሻንጣ ሲከፈት ከሽቶውና ከቫይታሚኑ መሐል አንዲት ትንሽ ቡናማ ጠርሙስ መውጣቷ የተለመደ ሆኗል። ላቬንደር ናት፣ ወይም ቲ ትሪ። አምጪዋም «ለቁስል ፍቱን ነው» ብላ ታስረክባለች። እዚሁ አገር ውስጥም የባሕር ዛፍ፣ የጠጅ ሣርና የሮዝመሪ ዘይት በመዋቢያ ሱቆች መደርደሪያ ላይ ይገኛል። ይህ ጽሑፍ እንዲህ ያለ ጠርሙስ ቤታቸው ላለና ቢላ ለቆረጠው ጣት፣ አስፋልት ለላጠው ጉልበት ይጠቅም እንደሆነ ለሚጠይቁ ነው።

አቋሜን ከመነሻው ልናገር። መዓዛማ ዘይት በቁስል እንክብካቤ ውስጥ ቦታ አለው፤ ቦታው ግን ጠባብ ነው፣ ተራውም የሚደርሰው ዘግይቶ ነው። መጀመሪያ የሚሠራው ውሃ ነው፤ ቀጥሎ ንጹሕ ሽፋን። ዘይቱ የሚገባው ከእነዚህ በኋላ ነው፤ እሱም በቁስሉ ዙሪያ ባለው ደህና ቆዳ ላይ፣ ከዚያም ቁስሉ ከገጠመ በኋላ። ይህን ቅደም ተከተል ካልገለበጡት በስተቀር በጠርሙሱ ብዙም አይጎዱም።

በእጅዎ ያለው ምንድን ነው?

የኑግና የሰሊጥ ዘይት የሚገኘው ፍሬው ተጨምቆ ነው። መዓዛማ ዘይት ግን አብዛኛውን ጊዜ ቅጠሉ ወይም አበባው በእንፋሎት ይመታና፣ እንፋሎቱ ሲቀዘቅዝ ከውሃው ተለይቶ ይወጣል። አረቄ ሲወጣ ያየ ሰው አሠራሩን ለመገመት አይቸገርም። ከ100 ኪሎ የነጭ ባሕር ዛፍ ቅጠል የሚገኘው ዘይት ከ1 እስከ 2 ኪሎ ቢሆን ነው። አንድ ጠብታ ብዙ ቅጠል ነውና «ተፈጥሯዊ ስለሆነ አይጎዳም» የሚለው አነጋገር እዚህ ላይ አይሠራም።

ጠርሙሱን ሲገዙ የዕፅዋቱ ሳይንሳዊ ስም መጻፉን ይመልከቱ። ለቆዳ የሚመረጠው ላቬንደር «ላቫንዱላ አንጉስቲፎሊያ»፣ ቲ ትሪ ደግሞ «ሜላሉካ አልተርኒፎሊያ» ይባላል። «ፍራግራንስ ኦይል» የሚል ካለበት የሽቶ ቅመም ነውና ለቆዳ አይግዙት። የጥቁር አዝሙድ ዘይት ተጨምቆ የሚወጣ ስለሆነ ከዚህ ምድብ አይደለም። ከተጠራጠሩ አንድ ጠብታ ነጭ ወረቀት ላይ ያንጠባጥቡና ይተዉት። ላቬንደር ወይም ባሕር ዛፍ ከሆነ ሽታው ክፍሉን ሞልቶ፣ በማግስቱ ወረቀቱ እንደነበረ ደርቆ ይገኛል። ወረቀቱን እያሳለፈ የሚያበራ የቅባት እድፍ ከቀረ በምግብ ዘይት ተበርዟል ማለት ነው። እንደ ከርቤ ያሉ ወፍራም ዘይቶች ግን ንጹሕም ሆነው ትንሽ እድፍ ይተዋሉ።

ምን ያህል ይታመናል?

የቲ ትሪን ጀርም ገዳይነት በ1920ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ሲድኒ ላይ መርምሮ ያሳወቀው አውስትራሊያዊው ኬሚስት አርተር ፔንፎልድ ነው። የዘይቱ ዋና ኃይል «ተርፒነን-4-ኦል» ከሚባለው ንጥረ ነገር ይመጣል፤ በላቦራቶሪ ሳህን ላይ ቁስል የሚያመግሉትን ስታፊሎኮከስ የሚባሉ ባክቴሪያዎች ይገድላል። የላቬንደር ዝና ደግሞ ከፈረንሳዊው ኬሚስት ሬኔ ሞሪስ ጋትፎሴ ጋር የተያያዘ ነው። በ1910 ላቦራቶሪው ውስጥ በደረሰ ፍንዳታ ተቃጥሎ ቁስሉን በላቬንደር እንዳከመ በ1937 ባሳተመው መጽሐፍ ጽፏል። የአንድ ሰው ገጠመኝ ግን ማስረጃ አይሆንም። ከዚያ ወዲህ በአይጦች ላይ በተደረጉ ሙከራዎች ላቬንደር የተቀባ ቁስል ኮላጅን በማምረትና በመጥበብ ቀድሞ ታይቷል። በሰው ላይ የተደረጉት ጥናቶች ጥቂትና ትንንሽ ናቸው።

ሻጮች የማይናገሩት ሌላ ወገን አለ። ባክቴሪያውን የሚገድለው ዘይት ቁስሉን የሚደፍኑትን የራሳችንን ህዋሳትም ይገድላል። ላቬንደር ሩብ በመቶ በሆነ መጠን እንኳ የሰውን የቆዳ ህዋሳት ሲጎዳ በላቦራቶሪ ታይቷል። በተከፈተ ቁስል ላይ እነዚያ ህዋሳት መከላከያ ቆዳ የላቸውም፤ ዘይቱ በቀጥታ ያገኛቸዋል። ዘይቱን ከቁስሉ ወለል አርቄ ዳር ላይ የማቆመው በዚህ ምክንያት ነው።

መጀመሪያ፦ ይህ የቤት ቁስል ነው?

ከሚከተሉት አንዱ ካለ ጠርሙሱን መፈለግ ትተው ወደ ጤና ጣቢያ ይሂዱ። 10 ደቂቃ ሙሉ ተጭነውት ደሙ አልቆም ካለ፤ ከንፈሮቹ ተለያይተው ውስጡ ቢጫ ስብ ወይም ነጭ ጅማት ከታየ፤ ፊት፣ መገጣጠሚያ ወይም ብልት ላይ ከሆነ፤ ከቁስሉ በታች ያለው ጣት ከደነዘዘ ወይም አልታጠፍ ካለ፤ ምስማር እግር ከወጋ፤ ቃጠሎው ከተቃጠለው ሰው መዳፍ ከሰፋ። በስፌት የሚዘጋ ቁስል በሰዓታት ውስጥ ቢደርስ ይመረጣል፣ ስለዚህ «እስኪነጋ እንይ» አይበሉ።

ውሻ ወይም ሌላ እንስሳ ከነከሰ በሳሙናና በሚፈስ ውሃ 15 ደቂቃ ይጠቡና ወዲያው ለክትባት ይሂዱ። የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ ከታየ በኋላ ከሞት የሚያተርፍ ሕክምና የለም ማለት ይቻላል። ጥቂት ሰዓት ዘይት በመሞከር የሚባክንበት ጉዳይ አይደለም።

የስኳር ሕመምተኞችን ለብቻ ማንሳት እፈልጋለሁ። ስሜቱን ያጣ እግር ላይ ዘይት ቢያቃጥል እንኳ ባለቤቱ አይሰማውም፤ ትንሽ የጫማ ልጠት በሳምንታት ውስጥ ጣት ሊያስቆርጥ ይችላል። ስኳር ካለብዎ በእግርዎ ላይ ያለ ማንኛውም ቁስል የሐኪም ቁስል ነው።

ሁለት ሳምንት አልፎት ያልገጠመ ቁስልም እንዲሁ። በደጋው አገር በፊት ላይ ወጥቶ ሳያም ለወራት የሚቆየው፣ ሕዝቡ ቁንጭር የሚለው ቁስል በአሸዋ ዝንብ የሚተላለፍ የሌይሽማኒያ ተውሳክ ሥራ ነው። መድኃኒት አለው፤ በዘይትና በቅጠል የጠፋ ጊዜ ግን ጠባሳውን ያሰፋዋል። ምንም ስሜት የሌለው ቁስል ደግሞ ለሥጋ ደዌ ምርመራ ምክንያት ነው።

ውሃው

እጅዎን በሳሙና ይታጠቡ። ደም እየፈሰሰ ከሆነ በንጹሕ ጨርቅ ወይም ጎዝ ተጭነው 10 ደቂቃ በሰዓት ይቁጠሩ። በመሐል «ቆመ ወይ?» ብሎ ማንሳት የረጋውን ደም ያፈርሰዋል። ቡና ዱቄት አያድርጉበት። ደሙን ያቆመ ይመስላል፣ ነገር ግን ዱቄቱ ቁስሉ ውስጥ ይቀራል፣ ጀርም ይይዛል፣ ሐኪሙም ፍርፋሪውን ሲለቅም ሕመሙ እንደገና ይጀምራል። አመድ፣ ቅቤና ምራቅም አያስፈልጉም።

ደሙ ከቆመ በኋላ ቁስሉን በሚፈስ የቧንቧ ውሃ በደንብ ያጥቡ፣ ቢያንስ አምስት ደቂቃ። የቧንቧው ውሃ የማይታመን ከሆነ ፈልቶ የቀዘቀዘ ውሃ ወይም ከመድኃኒት ቤት የሚገዛ ኖርማል ሳላይን ይጠቀሙ። ሳሙናው ለዙሪያው ቆዳ ነው። የቀረ ጠጠር ካለ በአልኮል በተጠረገ ወረንጦ ያውጡት፤ ጠልቆ ከገባ ለባለሙያ ይተዉት። አልኮልና ኦክሲጂን ውሃ ቁስል ውስጥ አይጨመሩም፤ ማቃጠላቸው የመሥራታቸው ምልክት ሳይሆን የህዋሳቱ ጉዳት ነው።

ቃጠሎ ሲሆን ቀዝቀዝ ያለ የሚፈስ ውሃ 20 ደቂቃ። በረዶ አይሆንም፤ የጥርስ ሳሙና፣ እንቁላልና ቅቤም አይሆኑም። ላቬንደርም ቢሆን አዲስ ቃጠሎ ላይ አይደረግም፤ ጋትፎሴ አደረገው ተብሎ የሚወራውን ተከትለው እጃቸውን ዘይቱ ውስጥ የሚነክሩ አሉና አጥብቄ እናገራለሁ። የወጣውን ውሃ ቋጠሮ አያፍርጡት።

ሽፋኑ

«ቁስል አየር ይፈልጋል፣ ይድረቅ» የሚለው ምክር እስከ ዛሬ በየቤቱ አለ። በ1962 እንግሊዛዊው ተመራማሪ ጆርጅ ዊንተር በአሳማዎች ላይ ባደረገው ሙከራ፣ ተሸፍኖ እርጥበቱን የጠበቀ ቁስል አዲስ ቆዳ የሚያለብሰው ሳይሸፈን ከተተወው በእጥፍ ያህል ፈጥኖ እንደሆነ አሳየ። አዲሱ ቆዳ ከዳር ወደ መሐል የሚንቀሳቀሰው በእርጥብ ወለል ላይ ነው። የደረቀ ቅርፊት መንገዱን ይዘጋበታል።

ስለዚህ ስስ የቫዝሊን ንብርብር ያድርጉ፣ በማይጣበቅ ጎዝ ይሸፍኑ፣ በፕላስተር ያጥብቁ፣ በቀን አንድ ጊዜ ወይም በረጠበ ቁጥር ይለውጡ። ከጋራ ጣሳ በጣት የሚዛቅ ቫዝሊን ሳይሆን ከቱቦ የሚጨመቅ ወይም አዲስ የተከፈተ ይሁን። ስለ ማር የሚጠይቅ አይጠፋም። ለሕክምና ተጣርቶ የተዘጋጀ ማር ለመካከለኛ ቃጠሎ ካሉት መዓዛማ ዘይቶች ሁሉ የተሻለ ማስረጃ አለው፤ ከገበያ የሚገዛው ማር ግን ንጽሕናው ስለማይታወቅ ለዳቦ ይሁን።

የቴታነስ ክትባትዎን ያስቡ። ቆሻሻ የነካው ቁስል ሆኖ ከመጨረሻው ክትባት 5 ዓመት ካለፈ፣ ንጹሕ ቁስል ሆኖም 10 ዓመት ካለፈ፣ ወይም ጭራሽ ካላስታወሱ መከተብ ይገባዎታል። መንጋጋ ቆልፍን የሚያመጣው ጀርም በአፈርና በእበት ውስጥ ይኖራል፣ የትኛውም ዘይት ከእሱ አይጠብቅም።

ዘይቱን ማዘጋጀት

ቁስሉ ታጥቦ፣ ተሸፍኖ ሁለት ሦስት ቀን ከቆየ በኋላ ጠርሙሱን ማውጣት ይችላሉ። ምርጫ ቢሰጠኝ ከሁለቱ አልወጣም፦ ላቬንደር ወይም ቲ ትሪ። ቅርንፉድ፣ ቀረፋ፣ ጦስኝና ኦሬጋኖ ጀርም ሲገድሉ ብርቱ ናቸው፤ በዚያው ልክ ቆዳን ያቃጥላሉ። የአገራችን ጦስኝ ኃይሉ የሚመጣው ከቲሞልና ከካርቫክሮል ነው። በሻይ ውስጥ ግሩም ነው፣ ዘይቱ ግን ለቆሰለ ቆዳ አይደለም።

አንድ ሚሊ ሊትር 20 ጠብታ ያህል ይይዛል። አንድ የሾርባ ማንኪያ 15 ሚሊ ሊትር ነው። በአንድ የሾርባ ማንኪያ የሱፍ አበባ ዘይት ውስጥ 3 ጠብታ ሲገባ 1 በመቶ ይሆናል፤ መነሻችን ይህ ነው። ከወይራ ይልቅ ሱፍን የምመርጠው የወይራ ዘይት የቆዳን መከላከያ ሊያላላ ስለሚችል ነው። ጠብታ ሲቆጥሩ ጠርሙሱን አጋድመው ይያዙት፣ አያንቀጥቅጡት፣ እያንዳንዱ ጠብታ ራሱ ከአፉ እስኪወድቅ ይጠብቁ። ድንገት አምስት ስድስት ከፈሰሰ የምግብ ዘይቱን በዚያው ልክ ይጨምሩ። 10 ደቂቃ ተቀቅሎ በደንብ በደረቀ ትንሽ የመስታወት ጠርሙስ ውስጥ ይገልብጡት፤ የውሃ ጠብታ ከቀረ ሻጋታ ይጋብዛል። ላዩ ላይ ቀኑን ይጻፉ፣ ከወር በላይ አያቆዩት።

በውሃ መበጥበጥ አይሠራም። ዘይቱ ውሃው ላይ ተንሳፎ ስለሚቀር ቆዳዎ የሚያገኘው ያልተበረዘውን ነው።

ከዚያ የክንድዎ ውስጠኛ ክፍል ላይ፣ ከቁስሉ ርቆ፣ የድብልቁን አንድ ጠብታ ይቀቡና በፕላስተር ይሸፍኑ። 48 ሰዓት ይጠብቁ። የአለርጂ ምላሽ ብዙ ጊዜ በሁለተኛው ቀን ስለሚመጣ በአንድ ሌሊት አይፍረዱ። ካሳከከ፣ ካበጠ ወይም ሽፍ ካለ ያ ዘይት ለእርስዎ አይሆንም።

አቀባቡ

ሽፋኑን ሲያነሱ ቁስሉን በጥሩ ብርሃን ይመልከቱት። በደህና የሚድን ቁስል ወለሉ እርጥብና ጥርት ያለ ቀይ ነው፣ ትንሽ ጎርበጥ ይላል። ዳር ዳሩን ዙሪያውን የሚከብ ስስ፣ ወደ ነጭነት የሚያደላ ጠርዝ ይታያል፤ እየገሰገሰ ያለው አዲስ ቆዳ እሱ ነው። ጎዙ ላይ የሚቀር ቀላ ወይም ቢጫ ያለ ቀጭን ፈሳሽ መግል አይደለም። መግል ይወፍራል፣ ይደፈርሳል፣ ይሸታል።

ድብልቁን በንጹሕ ጎዝ ጫፍ ነክተው ከነጩ ጠርዝ አንድ ጣት ያህል ራቅ ብለው ደህናው ቆዳ ላይ በስሱ ይቀቡ። በቀን አንድ ጊዜ በቂ ነው። ወለሉ ላይ ቫዝሊኑ ይቀጥላል። ፕላስተር በሚጣበቅበት ቦታ ላይ አይቀቡ፣ አይዝም። ዓይን፣ አፍንጫና አፍ አጠገብ ጭራሽ አይሆንም።

ቁስሉ ሙሉ በሙሉ ሲገጥም፣ ማለትም ወለሉ ደርቆ ቀጭን ሮዝ ወይም ጠቆር ያለ ቆዳ ሲለብስ፣ የዘይቱ ምቹ ጊዜ ይጀምራል። አሁን 2 በመቶ፣ በአንድ የሾርባ ማንኪያ 6 ጠብታ ማድረግ ይቻላል። ጠባሳውን በአውራ ጣት ክብ እያደረጉ ለጥቂት ደቂቃ፣ በቀን ሁለት ጊዜ ያሹ። እዚህ ላይ የሚሠራው በአብዛኛው ማሸቱ ነው። ዘይቱ እጅን ያስኬዳል፣ ማሳከክን ያበርዳል፣ ሽታው ልማዱን እንዲጠብቁ ያግዛል፤ ይህም ጥቅም ነው። ጠባሳዎ ከቁስሉ ድንበር አልፎ እያበጠ የሚሄድ ከሆነ ግን ኬሎይድ ነው። በጆሮ፣ በደረትና በትከሻ ላይ ይበዛል። ለእሱ የሲሊኮን ጄል ወይም የቆዳ ሐኪም መርፌ እንጂ ላቬንደር አይመልሰውም። አዲስ ቆዳ ፀሐይ ሲመታው ለወራት የሚቆይ ጥቁረት ስለሚይዝ በልብስ ወይም በፀሐይ መከላከያ ይሸፍኑት።

ስለ ጓሮአችን ቅጠሎች

ጤና አዳም፣ ዳማከሴ፣ በሶብላና ኮሶረት ሁሉም መዓዛማ ዘይት አላቸው። እነዚህን ዕፅዋት የሚያመርትና ዘይታቸውን የሚያጠና የወንዶ ገነት የግብርና ምርምር ማዕከልም አለን። ሆኖም ቅጠሉን ወቅጦ ቁስል ላይ ማሠር ሌላ ጉዳይ ነው። ቅጠሉ ከአፈር ጋር የቴታነስን ዘር ይዞ ይመጣል፣ በእጅ መዳፍ የታሸ ቅጠል ውስጥ ስንት ዘይት እንዳለም የሚለካ የለም። ቅጠል በዘይት ዘፍዝፎ መስኮት ላይ ማቆየትም ለቁስል የሚሆን ንጽሕና አይሰጥም።

ከሁሉም በላይ የምሰጋው ጤና አዳምን ነው። ጭማቂው ፉሮኩማሪን የሚባሉ ንጥረ ነገሮች አሉበት። ቆዳ ላይ ሆኖ ፀሐይ ሲያገኘው እውነተኛ ቃጠሎ ያደርሳል፦ በማግስቱ ቆዳው ይቀላል፣ ጭማቂው የፈሰሰበትን መስመር ተከትሎ ውሃ የቋጠረ እባጭ ይሰለፋል፣ ሲድንም ጥቁር ምልክት ይቀራል። ተጨምቆ የሚወጣ የሎሚና የቤርጋሞት ዘይትም እንዲሁ ያደርጋል። ሕፃኑን ጤና አዳም ቀብታ ፀሐይ ለምታሞቅ እናት ይህን ይንገሯት።

መቼ ያቁሙ?

ከሦስተኛው ቀን በኋላ ሕመሙ ከመቀነስ ይልቅ ከባሰ፣ ትኩሳት ከመጣ፣ መግል ወይም መጥፎ ሽታ ካለ፣ ከቁስሉ ወደ ላይ የሚሄድ መስመር ከታየ ዘይቱን ትተው ይታከሙ። መጻሕፍቱ «መቅላት» ይላሉ፤ በጠይምና በጥቁር ቆዳ ላይ ግን መቅላቱ ላይታይ ይችላል፣ ይልቁንም ወደ ወይን ጠጅነት ወይም ወደ ጥቁረት ያደላል። የእጅዎን ጀርባ ቁስሉ ዙሪያ፣ ከዚያም ሌላኛው እግር ወይም ክንድ ላይ ያድርጉ። በቁስሉ በኩል ያለው ግልጽ ሆኖ ከሞቀ፣ ቆዳውም ተወጥሮ ካበጠ ኢንፌክሽን ነው ብለው ያስቡ።

ነፍሰ ጡሮችና አስም ያለባቸው ሐኪም ሳያማክሩ አይጠቀሙ። ከ6 ዓመት በታች ላሉ ልጆች ግን ውሃ፣ ቫዝሊንና ፕላስተር ይበቃቸዋል። የባሕር ዛፍና የሜንታ ዘይት ሕፃን ፊት አጠገብ ትንፋሽ ሊያውክ ይችላል።

ጠርሙሱን ማስቀመጥ

ከአየር ጋር የቆየ ላቬንደርና ቲ ትሪ ይበላሻል፤ የሚፈጠሩት አዳዲስ ንጥረ ነገሮች አለርጂ ከሚያስነሱት ዋናዎቹ ናቸው። ስለዚህ በጠቆረ ጠርሙስ፣ ክዳኑ ጠብቆ፣ ከመስኮትና ከምድጃ ርቆ ይቀመጥ። የከፈቱበትን ቀን ይጻፉበት፣ ዓመት ሲሞላው ይጣሉት። ሽታው ከተለወጠ ግን ዓመቱንም አይጠብቁ። ዘይቱ በቀላሉ ስለሚቀጣጠል ሻማ ወይም ከሰል አጠገብ አይክፈቱት።

ቦታው ደግሞ ሕፃን የማይደርስበት ከፍታ ይሁን፤ ቢቻል ይቆለፍ። ጥቂት ሚሊ ሊትር የባሕር ዛፍ ዘይት ሕፃንን ሊያንቀጠቅጥና ራሱን ሊያስት ይችላል፤ ቲ ትሪም ከተዋጠ መርዝ ነው። ልጅ ከጠጣ አያስመልሱት፣ ፈሳሹ ወደ ሳንባ ሊገባ ይችላልና። ወተትም ሆነ ዘይት አያጠጡት። ጠርሙሱን ከነመለያ ጽሑፉ ይያዙና ቅርብ ወዳለው ሆስፒታል ይውሰዱት፤ ስንት እንደጎደለ ለሐኪሙ ያሳዩ።